የ18 ቮልት መሰርሰሪያ ባትሪ እንደገና ሲሠራ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ባትሪዎች አሉ። «ሀ» ሊቲየም አዮን ነው፤ 18 ቮልት፣ 3.0 አምፔር ሰዓት። ውስጡ አሥር 18650 ሴሎች (18 ሚሜ ስፋትና 65 ሚሜ ቁመት ያላቸው ድብልብሎች) አሉ፤ ሁለት ሁለቱ በፓራለል (ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ) ተጣምረው፣ አምስቱ ጥንዶች በሲሪስ (የአንዱ ፖዘቲቭ ከቀጣዩ ኔጋቲቭ) ተያይዘዋል። መጀመሪያ በሥራ መሃል ድንገት እየቆመ አስቸገረ፤ በኋላ ደግሞ ቻርጀሩ ቀይና አረንጓዴ እያፈራረቀ አልቀበልም አለ። «ለ» የቆየ ኒኬል ካድሚየም ነው፤ 14.4 ቮልት፣ አሥራ ሁለት ሴሎች። ቻርጀሩ ሞልቷል ይላል፣ ሁለት ሦስት ብሎን ካሰረ በኋላ ግን ይሞታል።

ሴል መቀየር ከባዱ ሥራ አይደለም። ከባዱ የቀድሞውን ሴል ምን እንደገደለው ማግኘት ነው። ያ ሳይታወቅ የተገዛ ሴል በዚያው መንገድ ያልቃል፤ ለዚህ ነው ማስታወሻው ከግዢ ሳይሆን ከቴስተር የሚጀምረው።

ቀን 1፦ መለካትና መክፈት

በ«ሀ» ዋና ቴርሚናሎች ላይ ቴስተሩ 14.21 ቮልት አነበበ። ቁጥሩ አታላይ ነው። ለአምስት ሲካፈል 2.84 ይመጣል፤ ይህን ያየ ሰው ባትሪው ባዶ ሆኖ እንጂ ጤነኛ ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ጠቅላላ ቮልቴጅ የጥንዶቹን ጉድ ይሸፍናል፤ መከፈት አለበት።

የሽፋኑ ብሎኖች ቲ10 ቶርክስ ናቸው። መሃላቸው ላይ ትንሽ እንብርት ስላለ ጫፉ የተቦረቦረ ካቻቢቴ ያስፈልጋል። አንዱ ብሎን በፕላስቲክ ተደፍኖ ነበር። ሽፋኑ አልላቀቅ ሲል በጉልበት ከመፈልቀቅ በፊት የተደፈነ ወይም በስቲከር የተሸፈነ ብሎን መፈለግ ነው። ሰዓትና ቀለበት ይውለቁ፤ 18 ቮልት ሰው አይነዝርም፣ ነገር ግን በሁለት ቴርሚናል መካከል የገባ ቀለበት ጣት ላይ እንዳለ እንደ ፍም ይግላል።

ከተከፈተ በኋላ ከእያንዳንዱ ጥንድ ወደ ቦርዱ (ባትሪውን ወደሚቆጣጠረው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) በሚሄዱት ቀጫጭን የመለኪያ ሽቦዎች ላይ የተነበበው ይህ ነው፦

ጥንድ 1፦ 0.94 ቮልት
ጥንድ 2፦ 3.31
ጥንድ 3፦ 3.32
ጥንድ 4፦ 3.31
ጥንድ 5፦ 3.33

አራቱ እንደ ወንድማማቾች እኩል ናቸው፤ አንዱ ወድቋል። ብዙዎች እዚህ ላይ «ጥንድ 1 ሞቷል» ብለው ሁለት ሴል ይገዛሉ። እኛ ግን ለምን 1 ብቻ ብለን ቀጠልን። የቴስተሩን ጫፍ ከኒኬል ጥብጣቡ አንስተን በቀጥታ የሴሎቹ አካል ላይ አሳረፍን፤ አንዱን ጫፍ በፖዘቲቩ ቆብ ጠርዝ፣ ሌላውን ከታች በኩል ጥብጣቡ ባልሸፈነው ባዶ ብረት ላይ። የመጀመሪያው ሴል 0.94 አለ። ሁለተኛው 3.68 አለ።

በፓራለል የታሰሩ ሁለት ሴሎች የተለያየ ቮልቴጅ ሊያሳዩ አይችሉም። ካሳዩ አልተያያዙም ማለት ነው። በማጉያ መነጽር ሲታይ በሁለተኛው ሴል ኔጋቲቭ በኩል፣ ጥብጣቡ ወደ ቴርሚናሉ ለመውጣት በሚታጠፍበት ቦታ ላይ፣ ከብየዳ ነጥቦቹ አጠገብ ፀጉር የምታክል ጥቁር መስመር አለች። በእንጨት ጫፍ ቀስ ተብላ ወደ ላይ ስትነሳ ጥብጣቧ ከነጥቦቹ ተለያየች። ከሥሯ ማረፊያ ስፖንጅ የለም፤ እጥፋቷም ስስና ውጥር ነው። ባትሪው በወደቀ ወይም በተንቀጠቀጠ ቁጥር የሴሉ ክብደት እዚያች እጥፋት ላይ ሲያርፍ ኖሯል።

ከዚህ በኋላ የሆነው ግልጽ ነው። ጥንድ 1 በአንድ ሴል ቀረ፤ አቅሙም ከ3.0 ወደ 1.5 አምፔር ሰዓት ወረደ። መሰርሰሪያው በሥራ ላይ የሚያየው ጠቅላላውን ቮልቴጅ ስለሆነ፣ ጥንድ 1 ባዶ ሲሆን የአራቱ ድምር ገና ብዙ ነው፤ ሥራው ይቀጥላል፣ ብቸኛው ሴል ከልኩ በታች እየተመጠጠ ይሄዳል። በእያንዳንዱ ዙር እንዲህ ሆኖ በመጨረሻ ቻርጀሩ ከማይቀበለው ልክ በታች ወረደ።

ማስጠንቀቂያ፦ የተለያየችውን ጥብጣብ ወደ ቦታዋ መጫን አይገባም። በ3.68 እና በ0.94 መካከል 2.74 ቮልት ልዩነት አለ፤ የሁለቱ ሴሎችና የግንኙነቱ ሬዚስታንስ 50 ሚሊኦም ገደማ ነው ቢባል ከ50 አምፔር በላይ ይፈስሳል። በመካከላቸው ቁራጭ ወረቀት አግብተን በናስትሮ አሰርነው።

0.94 ላይ ያለውን ሴል በላቦራቶሪ ፓወር ሰፕላይ ቀስ አድርጎ ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ቻርጀሩም ይታለላል። አላደረግነውም። የሊቲየም ሴል ከ2 ቮልት በታች ሲቆይ የኔጋቲቩ መዳብ ወደ ፈሳሹ መሟሟት ይጀምራል፤ እንደገና ቻርጅ ሲደረግ ያ መዳብ በማይፈለግበት ቦታ ይጋገርና ውስጣዊ ሾርት (የፖዘቲቩና የኔጋቲቩ በቀጥታ መነካካት) ሊያበቅል ይችላል። ሾርቱ የሚመጣው በዚያው ቀን ሳይሆን ከሳምንታት በኋላ፣ ሙሉ ሆኖ በመደርደሪያ ላይ እያለ ሊሆን ይችላል። በ2.5 እና በ3.0 መካከል የወረደ ጥንድ ከሆነ በ0.1 አምፔር ወደ 3.0 ማንሳትና መከታተል ያዋጣል። ከ2 በታች የቆየ ግን ተጣለ።

ቀን 2፦ መበተን

መጀመሪያ ቦርዱ ይነሳል። ቅደም ተከተሉ ከላይ ወደ ታች ነው፦ ዋናው ፖዘቲቭ፣ ቀጥሎ የመለኪያ ሽቦዎቹ ከከፍተኛው ቮልቴጅ ጀምሮ፣ መጨረሻ ላይ ዋናው ኔጋቲቭ። ኔጋቲቩ ቀድሞ ከተነሳ ቦርዱ መነሻውን ያጣል፤ ቮልቴጁ በመለኪያ መስመሮቹ በኩል መውጫ ሲፈልግ የሚቃጠለው ቺፑ ነው። ለዋናዎቹ ወፍራም ጥብጣቦች 80 ዋት ካውያ ሰፊ ጫፍ ተደርጎበት ተጠቀምን። ትንሽ ካውያ ሊዱን (ቀልጦ የሚያያይዘውን ብረት) ሳያቀልጥ ቦርዱን ለረጅም ጊዜ ያግለዋል፤ መዳቡም ከቦርዱ ይነሳል።

ጥብጣቡ የሚቆረጠው በሁለት ሴሎች መካከል ባለው ክፍተት ነው፤ አንድ ቦታ ተቆርጦ ወዲያው ጫፉ በናስትሮ ይሸፈናል፣ ከዚያ ሌላው። በሴሉ ላይ የቀረው ቁራጭ በቀጭን ፒንሳ ጫፉ ተይዞ እንደ ሰርዲን ቆርቆሮ ይጠቀለላል። ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ መጎተት የሴሉን ቆብ ሊቀድደው ይችላል።

ዘጠኙ በሕይወት ያሉ ሴሎች በአራት ጉድጓድ መሞከሪያ ቻርጀር ገቡ፦ ወደ 4.20 ሙሌት፣ አንድ ሰዓት እረፍት፣ ከዚያ በ0.5 አምፔር እስከ 2.8 ማውረድ። ስምንቱ ከ1,050 እስከ 1,130 ሚሊአምፔር ሰዓት ሰጡ፤ አዲስ ሳሉ 1,500 ነበሩ። ተለያይቶ የቆየው ሴል ግን 1,420 ሰጠ። ከሌሎቹ ጋር በአንድ ቀን የተመረተ፣ በአንድ ሳጥን ውስጥ የኖረ ሴል ነው፤ ልዩነቱ ሳይሠራ መቀመጡ ብቻ ነው። ጥብጣቧ ዛሬ ሳይሆን ከብዙ ጊዜ በፊት እንደተሰበረች ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

ውሳኔ፦ አሥሩም ይቀየራሉ። ስምንቱ ሩብ ያህል ወይም ከዚያ በላይ አቅማቸውን አጥተዋል። ከነሱ ጋር አዲስ ጥንድ ቢገባ አሮጌዎቹ በእያንዳንዱ ዙር ቀድመው ባዶ ይሆናሉ፤ በጥንድ 1 የሆነውን በአራት ጥንዶች መድገም ነው።

ሴሎቹ ከመታዘዛቸው በፊት ቦርዱ መፈተን አለበት። አንዳንድ ቦርዶች የወደቀ ጥንድ ካዩ ወይም ቻርጅ ደጋግሞ ከከሸፈ ራሳቸውን ለዘለዓለም ይቆልፋሉ፤ ከዚያ በኋላ ምንም ሴል ቢገባ አይከፈቱም። አምስት ባለ 100 ኦም ሬዚስተሮች በሲሪስ ታስረው 18 ቮልት ተሰጣቸው፤ እያንዳንዱ ላይ 3.6 ቮልት ያርፋል፣ 36 ሚሊአምፔር ያልፋል፣ አይግልም። ቦርዱ በነዚህ ላይ እንደ አምስት ጥንድ ተያያዘ። ነቃ፤ የሙሌት መብራቶቹ ሦስቱ በሩ። ይህ ፈተና ቦርዱ አለመሞቱን እንጂ በቻርጀር ላይ የሚገለጥ መቆለፊያ አለመኖሩን አያረጋግጥም፤ ይሁንና መብራቱ ሁሉ ጥፍት ያለ ቦርድ ላይ አሥር ሴል ከመበየድ ያድናል።

ቀን 3፦ «ለ»፣ የኒኬሉ

ይህ አጭር ነው። ባትሪው በ150 ሚሊአምፔር 15 ሰዓት ተሞልቶ ተከፈተ። ዘጠኙ ሴሎች ከ1.28 እስከ 1.31፣ አንዱ 1.08፣ ሁለቱ 0.00። በዜሮዎቹ ራስ ላይ እንደ ጨው ነጭ ነገር ጋግሯል። ይህ ሾልኮ የወጣው የፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ፈሳሽ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተዋሕዶ የሠራው ካርቦኔት ነው። ቆዳ ያሳክካል፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ እጅ መታጠብ ነው፣ ጓንት ካለ ይሻላል።

ዜሮ ያነበበ የካድሚየም ሴል ውስጡ በበቀለ የካድሚየም ቅርንጫፍ ሾርት ሆኗል። በከፍተኛ ከረንት መትቶ ቅርንጫፉን ማቃጠል የታወቀ ዘዴ ነው፤ ሴሉም 1.2 ያነባል። ግን መለያያው ቀድሞ ስለተበሳ ቅርንጫፉ በዚያው ቀዳዳ ተመልሶ ይበቅላል። ለአንድ ቀን ሥራ ካልሆነ አይመከርም።

ሦስት መንገድ ነበረ፦ ያው ካድሚየም፣ ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ፣ ወይም አራት ሊቲየም በሲሪስ። የመጨረሻው ማራኪ ነው፤ 14.4 ላይ ልክ ይገጥማል። ችግሩ መሰርሰሪያው ሊቲየምን ሲያልቅ የሚያቆም ምንም ነገር የለውም፣ ስለዚህ ባትሪው ውስጥ ሙሉ ቢኤምኤስ (ሴሎቹን የሚጠብቅ መቆጣጠሪያ ቦርድ) መግባት አለበት። አሮጌው ቻርጀር ደግሞ ከቤት መውጣት አለበት። የኒኬል ቻርጀር መሙላቱን የሚያውቀው በቮልቴጅ መውረድ ወይም በሙቀት ነው፤ ሊቲየም ሲሞላ ቮልቴጁ አይወርድም፣ ቻርጀሩም እየገፋ ከ4.2 በላይ ይወስደዋል። በመልክ አንድ ዓይነት የሆነ ሳጥን ለሁለት ቻርጀር ሲገጥም አንድ ቀን አንድ ሰው ተሳስቶ ይሰካዋል። ስለዚህ ይህን መንገድ ተውነው።

የተመረጠው 3.0 አምፔር ሰዓት ሜታል ሃይድራይድ፣ ለኃይል መሣሪያ የተሠራ፣ የብየዳ ጆሮ (ለማያያዣ አስቀድሞ የተበየደ የጥብጣብ ቁራጭ) ያለው፣ ሰብ ሲ የሚባለው መጠን ነው። ቁመቱ 42 እስከ 43 ሚሜ፣ ስፋቱ 22 እስከ 23። ሁለት ነገር ያሳስታል። አንደኛ፣ 33 ሚሜ ገደማ የሆነው አጭሩ ሰብ ሲ በስም ይመሳሰላል፤ አሮጌው ሳይለካ አይታዘዝም። ሁለተኛ፣ የአሮጌዎቹ ልብስ ስስ ካርቶን ነበር፤ የአዲሶቹ ፕላስቲክ ወፈር ያለ ነው። በአንድ ሴል ግማሽ ሚሊሜትር ትርፍ በአራት ሴል ረድፍ 2 ሚሜ ይሆናል፣ ሳጥኑም አይዘጋም።

ጆሮ ለጆሮ በሊድ ተያያዙ፦ ሁለቱም ቀድመው ሊድ ይቀባሉ፣ ከዚያ 2 እስከ 3 ሴኮንድ። በሴሉ አካል ላይ ካውያ አይነካም። የሙቀት መቁረጫው (ሴሎቹ ሲግሉ ቻርጁን የሚያቋርጠው ክፍል) ከመሃለኛዎቹ ሴሎች ግድግዳ ጋር ተጣብቆ በቦታው ተመለሰ፤ ሜታል ሃይድራይድ ሲሞላ የቮልቴጅ መውረዱ ከካድሚየም ያነሰ ስለሆነ ቻርጀሩ ሊያልፈው ይችላል፤ ያኔ የሚያድነው ይህ መቁረጫ ብቻ ነው። ይህን ክፍል «አሮጌ ነው» ብሎ መጣል በዚህ ሥራ ውስጥ ከሚታዩት ስህተቶች ሁሉ የከፋው ነው።

ቀን 4፦ የአዲሶቹ ሴሎች ምርመራ

ለ«ሀ» የታዘዘው ሳምሰንግ 25አር ነው፤ 2,500 ሚሊአምፔር ሰዓት፣ 20 አምፔር ተከታታይ። አሥር ይበቃል፣ አሥራ ሁለት ታዘዘ።

ለምን 3,400 አይደለም? የ3,400 ደረጃ ያላቸው ብዙዎቹ 18650 ሴሎች ተከታታይ ከረንታቸው ከ5 እስከ 10 አምፔር ነው። መሰርሰሪያ በከባድ ሥራ 30 አምፔር ሲስብ በእያንዳንዱ ሴል 15 ያልፋል። ያ ሴል ይግላል፣ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ መሣሪያው ባትሪው አልቋል ብሎ ይቆማል፤ የታሸገው አቅም ሳይወጣ ይቀራል። ለኃይል መሣሪያ ቀድሞ የሚታየው አምፔር ነው፣ አቅም ቀጥሎ ነው። ሞሊሴል ፒ28ኤ 2,800 ሆኖ 25 አምፔር ይሰጣል፤ እሱም ጥሩ ምርጫ ነው። «9,900» የተጻፈበት 18650 ግን የለም፤ በዚህ መጠን ካሉት እውነተኛ ሴሎች ብዙዎቹ ከ3,600 አያልፉም።

ሲደርሱ የታየው፦ ክብደት ከ43 እስከ 45 ግራም፤ በጣም የቀለለ ሴል ውስጡ ባዶ ቦታ አለው። የመነሻ ቮልቴጅ ከ3.52 እስከ 3.53፤ ከአንድ ካርቶን የወጡ አዲስ ሴሎች እንዲህ ይቀራረባሉ፤ 3.1፣ 3.6፣ 3.9 የተደባለቀበት ከሆነ ያገለገለ ተለብጦ ነው። በ1 ኪሎኸርዝ የተለካ የውስጥ ሬዚስታንስ አሥራ አንዱ ከ13 እስከ 14 ሚሊኦም፣ አንዱ 21። የአቅም ፈተናም ያንኑ ሴል ጠቆመ፦ ሌሎቹ ከ2,470 እስከ 2,510፣ እሱ 2,380። ወጣ። አሥሩ ሲጣመሩ የየጥንዱ ድምር እንዲቀራረብ ከፍተኛው ከዝቅተኛው ጋር ተደረገ።

ከመገጣጠሙ በፊት ሁሉም ወደ 3.58 ተስተካከሉ፤ በፓራለል በሚታሰሩት መካከል ከ0.02 በላይ ልዩነት እንዳይኖር። በከፊል ሙሌት መበየድ ጥቅም አለው፤ አንድ ነገር ቢሳሳት የሚለቀቀው ጉልበት ያነሰ ነው።

ቀን 5፦ ጥብጣብና ብየዳ

ጥብጣቡ ንጹሕ ኒኬል ነው ተብሎ የተገዛ፣ 0.15 በ8 ሚሜ። አላመንነውም። አንድ ቁራጭ በብርጭቆ ወረቀት ተፋቅቶ በጨው ውሃ ውስጥ አደረ፤ ጠዋት ላይ ዝገት የለበትም። ኒኬል የተቀባ ብረት ቢሆን ፍቅታው ላይ ቀይ ዝገት ይታይ ነበር። ልዩነቱ ትልቅ ነው፦ 20 ሚሜ ርዝመት ያለው ንጹሕ ኒኬል በዚህ ውፍረት 1.2 ሚሊኦም ገደማ ነው፣ ብረቱ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ጥንድ ከጥንድ የሚያያይዙት ላይ ሁለት ድርብ ተደረገ፤ ሁለት ሴሎችን ብቻ በሚያገናኙት ላይ አንድ ይበቃል፣ እዚያ የሚያልፈው የማመጣጠኛ ከረንት ብቻ ነውና።

ብየዳው በስፖት ማሽን ነው እንጂ በካውያ አይደለም። የሴሉ መለያያ ፕላስቲክ በ130 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ 350 ዲግሪ የሆነ ካውያ ለአምስት ሴኮንድ ሲጫንበት ከቆቡ ሥር ያለው ማኅተም መጀመሪያ ይጎዳል፤ ያ ጉዳት በቴስተር አይታይም።

የማሽኑ ልክ በአሮጌዎቹ ባዶ ሴሎች ላይ ተፈለገ። በመጀመሪያው ልክ ጥብጣቡ በጣት ሲጎተት ንጹሕ ሆኖ ተላቀቀ፤ ደካማ ነው። ሁለት ደረጃ ከፍ ሲል ጥብጣቡ ተበሳ፣ ብልጭታም ወጣ። ይህ ሁልጊዜ የጉልበት ብዛት አይደለም፤ ጫፎቹ በበቂ ካልተጫኑ በትንሽ ጉልበትም ይበሳል። ጫፎቹ ተሞርደው እኩል ከተጫኑ በኋላ በመካከለኛው ልክ ትክክለኛው ተገኘ፦ ጥብጣቡ በፒንሳ ሲገሸለጥ ራሱ ይቀደዳል፣ ነጥቡ ግን በሴሉ ላይ እንደ ትንሽ አዝራር ይቀራል። በየሴሉ ጫፍ አራት ነጥብ። ድርብ በሚሆነው ቦታ መጀመሪያ አንዱ ተበየደ፣ ከዚያ ሁለተኛው በላዩ። በጥብጣቡ መሃል ቀጭን ስንጥቅ ማበጀት ይረዳል፤ ከረንቱ በጥብጣቡ ላይ ከጫፍ ወደ ጫፍ እንዳይሻገር ስንጥቁ ይከለክለውና ወደ ሴሉ እንዲወርድ ያስገድደዋል።

አንድ ነገር ቀረብ ብሎ ይታይ። የ18650 አካሉ ሁሉ፣ ጎኑም ከላይ በኩል የታጠፈው ከንፈሩም፣ ኔጋቲቭ ነው። ፖዘቲቭ የሆነው መሃል ላይ ያለው ቆብ ብቻ ነው። በቆቡና በከንፈሩ መካከል ያለው ክፍተት ከሁለት ሚሊሜትር አይበልጥም፤ ጥብጣቡን ከከንፈሩ የሚለየው የወረቀት ያህል የሳሳ የፕላስቲክ ልብስ ነው። የተበየደው ጥብጣብ ጠርዙ ስለታም ነው፤ በንዝረት ያን ልብስ ቀስ በቀስ ይቆርጠዋል፣ የቆረጠው ዕለት ሴሉ በራሱ ላይ ሾርት ይሆናል። ስለዚህ ከብየዳ በፊት በእያንዳንዱ ፖዘቲቭ ራስ ላይ ራሱ የሚለጠፍ የካርቶን ቀለበት ገባ። አሥር ሴል፣ አሥር ቀለበት፤ በቁጥር ተረጋገጠ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥፋት። በጥንድ 1 ኔጋቲቭ ላይ ጥብጣቡ ቀጥ ብሎ እንዳይታጠፍ ከብየዳው በኋላ 5 ሚሜ ያህል በትንሽ ማዕበል ቅርጽ ተለቀቀ፤ ከሥሩ 2 ሚሜ የሲሊኮን ስፖንጅ ገባ። የሴሎቹ ፕላስቲክ መያዣ ከሳጥኑ ጋር ሲገጥም ይንቀሳቀስ ነበር፤ በሁለት ጎን የስፖንጅ ቁራጭ ተደረገበት፣ ሲወዛወዝ ምንም አይሰማም። አሥር አዲስ ሴል ከማስገባት ይልቅ የባትሪውን ዕድሜ የሚወስነው ይህ ነው።

ቀን 6፦ ቦርዱን መመለስ

ቅደም ተከተሉ የመፍታቱ ግልባጭ ነው፦ ዋናው ኔጋቲቭ መጀመሪያ፣ ከዚያ የመለኪያ ሽቦዎቹ ከታች ወደ ላይ፣ ዋናው ፖዘቲቭ በመጨረሻ። ከመበየዳቸው በፊት እያንዳንዱ መስመር ከኔጋቲቭ ጋር ተለካ፦ 3.58፣ 7.16፣ 10.74፣ 14.32፣ 17.90። ደረጃው እኩል ካልወጣ፣ ለምሳሌ አንዱ ሁለት ጊዜ 7.16 ካለ፣ ሽቦ ተዛንፏል። አንድ ሽቦ ቦታ ስቶ ቢበየድ ቦርዱ በዚያው ቅጽበት ይቃጠላል።

ቴርሚስተሩ (ሙቀት ሲጨምር ሬዚስታንሱ የሚቀንስ የሙቀት መለኪያ) በክፍል ሙቀት 10 ኪሎኦም አነበበ፤ በጣት ሲያዝ ወደ 8 ወረደ። በሁለቱ መሃለኛ ሴሎች መካከል በካፕቶን ቴፕ ተለጠፈ። አየር ላይ ተንጠልጥሎ ከቀረ ቻርጀሩ የሳጥኑን አየር እንጂ የሴሉን ሙቀት አያውቅም።

ቀን 7፦ የመጀመሪያው ሙሌትና ሎድ

ሽፋኑ ሳይዘጋ፣ በሲሚንቶ ወለል ላይ፣ የአሸዋ ባልዲ አጠገብ ተቀምጦ፣ ሰው ሳይለየው ተሞላ። ቻርጀሩ ተቀበለው፤ ቦርዱ አልተቆለፈም። በየ10 ደቂቃው ጥንዶቹ ተለኩ። በ3 አምፔር 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ ፈጀ። መጨረሻ ላይ፦ 4.18፣ 4.19፣ 4.18፣ 4.18፣ 4.19። የ0.01 ልዩነት ነው፤ ከ0.05 በላይ ቢሆን ኖሮ ብየዳዎቹ እንደገና ይፈተሹ ነበር።

ለሎድ (ከባትሪው ከረንት እየሳበ ለሚያራግፈው ጭነት) አራት የመኪና ግንባር መብራቶች፣ ባለ 12 ቮልት 55 ዋት፤ ሁለት ሁለት በሲሪስ፣ ጥንዶቹ በፓራለል። ወደ 8 አምፔር ይስባሉ። ቮልቴጁ ከ20.9 ወደ 20.3 ወረደና ረጋ። መብራቶቹ ስለሚያቃጥሉ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጡም። ማንኛውም ጥንድ 3.0 ሲነካ እንዲቆም ተወሰነ፤ 36 ደቂቃ ሄደ፣ 4.8 አምፔር ሰዓት ነው። መሃለኛዎቹ ሴሎች 43 ዲግሪ ደረሱ። ከሁሉ በላይ የሚያስደስተው አምስቱም ጥንዶች በአንድ ደቂቃ ውስጥ 3.0 መድረሳቸው ነው፤ ቀድሞ የወደቀ የለም። ባትሪው ሲሞቅ ቻርጅ አይደረግም፤ አንድ ሰዓት ቀዝቅዞ ነው የተመለሰው።

«ለ» በዚሁ ቀን ሦስተኛ ዙሩን ጨረሰ። በመጀመሪያው ዙር ከ3.0 አምፔር ሰዓት 2.3 ብቻ ሰጥቶ ነበር፤ በሦስተኛው 2.8። ሜታል ሃይድራይድ ተቀምጦ ከመጣ እንዲህ ነው፤ በመጀመሪያው ውጤት ሴሎቹን መመለስ አይገባም።

ቀን 21፦ ከሁለት ሳምንት እረፍት በኋላ

«ሀ» በ3.75 አካባቢ ተሞልቶ ነበር የተቀመጠው። ዛሬ፦ 3.75፣ 3.75፣ 3.74፣ 3.75፣ 3.75። ድብቅ ሾርት ያለበት ሴል ቢኖር ጥንዱ በዚህ ጊዜ ከ0.03 በላይ ዝቅ ይል ነበር። ሽፋኑ ተዘጋ። ብሎኖቹ በፕላስቲክ ውስጥ ስለሚገቡ መጀመሪያ ወደ ኋላ ተጠምዝዘው የድሮው ጥርስ ውስጥ ሲወድቁ ነው የተጠበቁት።

የወጡት ሴሎች፦ የሊቲየሞቹ ሁሉ ጫፋቸው በናስትሮ ተሸፍኖ፣ እያንዳንዱ ለብቻው፣ ለባትሪ መሰብሰቢያ ተለዩ። የካድሚየሞቹ በተለየ ማሰሮ ተዘጉ። ካድሚየም መርዛማ ከባድ ብረት ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት ለገመድ አልባ መሣሪያዎች ሰጥቶት የነበረውን ፈቃድ እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ያነሳው በዚሁ ምክንያት ነው። ከቤት ቆሻሻ ጋር አይጣልም፣ አይቃጠልም።

1,420 የሰጠው ሴል ተለይቶ ቀረ። አሁንም 3.71 ያነባል። ለአንድ ሴል የእጅ ባትሪ ይሆናል፤ ከሌላ ሴል ጋር ግን አይጣመርም። በሳጥኑ ውስጠኛ ሽፋን ላይ በማይጠፋ ቀለም የሴሎቹ ዓይነት፣ ቀኑና አምስቱ የዛሬ ንባቦች ተጽፈዋል፤ ቀጣዩ ልኬት ከሦስት ወር በኋላ ነው።